ድንኳኑ የሚተከልበት ሰፈር

እናቴ ቤት ልናይ በሄድንበት ሁሉ የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ነበር። ደላላው ስለ ካርታው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ አስፋልቱ ቅርበት ይለፈልፋል። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ በትዕግሥት ትሰማዋለች፤ ሲጨርስ ቀና ትልና፣ «ለመሆኑ እዚህ ሰፈር ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው?» ትለዋለች። ደላላ ለማንኛውም ነገር መልስ አያጣም፤ ለዚህ ግን ያጣል። አንዱ፣ «እማማ፣ እዚህ ሰፈርማ ሰው አይሞትም» ብሎ ሊያስቃት ሞክሮ ነበር። እናቴ አልሳቀችም። እኔም ያንን ቤት ከዚያው ቀን ጀምሮ ረሳሁት።

ያኔ የምንኖረው ጎፋ ነው፣ በኪራይ። እኔ ባንክ ቤት እሠራለሁ፤ ለሠራተኛ የሚፈቀደው የቤት ብድር ደርሶኛል። ባለቤቴ ደግሞ ከአባቱ ውርስ ጥቂት ድርሻ አግኝቷል። ሁለቱ ሲደመሩ ቤተ መንግሥት ባያስገዙም ከአከራይ ግልምጫ ያወጣሉ። እናቴ አባታችን ካረፈ ጀምሮ የምትኖረው ከእኔ ጋር ነው። ታናሽ እህቴም ነበረች፣ ያውም ሰፊ ቤት ተከራይታ፤ እናቴ ግን የመጣችው ወደ እኔ ነው። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። ከልጅነታችን ጀምሮ ቆንጆዋ እህቴ ናት፤ ሰው ቤት ስንሄድ የሚሳመው የእሷ ጉንጭ ነው። ባሏ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነው፣ ልጆቿ እንግሊዝኛውን ያንበለብሉታል፣ እሷ ራሷ ስትስቅ ሰው ዞር ብሎ ያያታል። ይህን ሁሉ ባየሁ ቁጥር ውስጤ ይነዳል። ግን ከሥራ ስገባ እናቴ ሳሎን ተቀምጣ «መጣሽ?» ስትለኝ ይበርድልኛል። ሁሉንም ትውሰደው፣ እናቴ እኔ ጋ ናት እላለሁ።

ሰፈር መምረጥ እንዲህ ሰው የሚያደክም ነገር መሆኑ የገባኝ ዞሬ ሳየው ነው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ኮንዶሚኒየም አየን። ታክሲው እንደ ልብ፣ ሱቁ እንደ ልብ፤ ቤቱ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ውሃውም እዚያ ድረስ የሚወጣው በጄሪካን ነው። ባለቤቴ፣ «ውሃ የሌለው አገር በረሃ ነው የሚባለው፤ ፎቅ ስለተሠራበት ስሙ አይቀየርም» አለ። እናቴ ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ ጉልበቷን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና፣ «እናንተ ወጥታችሁ እዩት፤ እኔ አይቼዋለሁ» አለችን።

ከዚያ ለቡ፣ መብራት ኃይል የሚባለው ሰፈር፣ አንዲት ቤት አየሁ። ትንሽ ናት፤ ውጪዋ ገና አልተለሰነም፣ መስኮቶቿም ግማሾቹ መስታወት የላቸውም። ግን ትልቅ ሮቶ ተሰቅሎላታል፤ ውሃ በፈረቃ ቢመጣም ሞልቶ ያቆያል። ከጀርባዋ ደግሞ ጥቁር አፈር ያለው ቁራጭ ጓሮ አላት። ጓሮውን ሳየው ልቤ እዚያው ቀረ። ይሄ የልጆቹ ክፍል፣ ይሄ የእማዬ፣ እዚህ ጋ ወንበር እያልኩ በዓይኔ ዕቃ አስገብቼ ጨርሻለሁ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ አጥሮቹን ታያለች። ሁሉም ከሰው ቁመት በላይ ናቸው፣ በላያቸው የሾህ ሽቦ ተጠምጥሟል። ደላላውን ተወችና የጎረቤቱን ዘበኛ ጠየቀችው፣ ያንኑ ጥያቄ።

«እኔ እንጃ፣ እማማ» አላት። «እኔ ከመጣሁ ድንኳን ሲተከል አላየሁም። እርስ በርሳቸውም የሚተዋወቁ አይመስለኝ።»

በታክሲ ተመለስን። ጎፋ ስንወርድ እናቴ፣ «የሚገዛው ቤቱ አይደለም ልጄ፣ ጎረቤቱ ነው» አለች። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለው ዝም ብሎ አይደለም።»

ለእኔ ይህ ፍርድ ነበር። እናቴ ጎፋ ውስጥ የሴቶች እድር አባል የሆነችው እኔ ልጅ ሆኜ ነው። የስንቱን ሰው ለቅሶ ተቀምጣለች፣ ስንት ቤት ወጥ ሠርታለች፣ ስንት እናት ደግፋ ቀብር አድርሳለች። እድር ደግሞ እንደ ቦርሳ አንጠልጥለው የሚሄዱበት ነገር አይደለም። ሰፈር ከለወጡ ያን ሁሉ ዘመን የተቀመጡት ለቅሶ ለሌላ ሰፈር አይቆጠርም። አሮጊት ሴት በማያውቋት ሰዎች መሃል ብትሞት ማን ያለቅስላታል? ይህን ሳስብ የለቡዋን ቤት ተውኳት። ባለቤቴ፣ «የወደድሻትን ቤት?» አለኝ። «እናቴን ይዤ አጥር ለአጥር አልቀመጥም» አልኩት። እውነቱን ለመናገር ከዚያ በታች ሌላ ሐሳብም ነበረኝ። እናቴ የምትቀበርበትን ሰፈር የያዘ፣ እናቴን እስከ መጨረሻው ይዟታል ብዬ ነው።

የገዛነው እዚያው ጎፋ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ላይ ያለ ቤት ነው። ጠባብ ነው፤ ልጆቹ ተደራርበው ይተኛሉ። ግን ደረጃ የለውም፣ የእድሩ ሴቶች በዙሪያው ናቸው፣ ከእናቴ ክፍል መስኮት ፊት ለፊትም የግቢው ሰው ድንኳን የሚተክልበት ሜዳ አለ። ቁልፍ በተረከብን ቀን እጇን ይዤ ወደ መስኮቱ ወሰድኳት። «ይኸው» አልኳት፣ «ድንኳኑ እዚህ ነው የሚተከለው።» ወርቅ የገዛሁላት ያህል ነው የተሰማኝ።

ሜዳውን ትንሽ አየችው። «ጎሽ» አለች። «እግዜር ይስጥሽ።»

ብዙም ሳይቆይ እህቴ ደወለች። «እትዬ፣ ያቺን የለቡዋን ቤት ደላላው ለእኛም አሳየን። አንቺ ትተሻታል አይደል? ካልተውሻት አንነካትም።»

«ትቻታለሁ» አልኳት። «ግዟት። እኔ እማዬን ይዤ እዚያ አልገባም።» እማዬ የምትለዋን ቃል ጠበቅ አድርጌ ነው ያልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን አንጀቴ አርሯል። የእኔን ጓሮ፣ የእኔን ሮቶ፣ በዓይኔ ዕቃ ያስገባሁበትን ቤት! ዓለም ላይ ሌላ ቤት ጠፍቶ ነው? ባሏ በአንድ ክረምት ለሰነው፣ መስታወት አስገባበት፣ በሩን ቀባው። ባየሁት ቁጥር እኔ ብሆን ያንን ቀለም አልቀባውም ነበር እያልኩ እጽናና ነበር። ቀለሙ ግን ያምራል።

እናቴ በጎፋው ቤት ያንን ክረምት ተቀመጠች። በዚያ ሰሞን ግቢያችን ለቅሶ አልተለየውም፤ ድንኳኑ ይተከላል፣ ይነቀላል፣ እንደገና ይተከላል። እኔ ከሥራ ስገባ የሰዉን ብዛት አይቼ፣ «አየሽ እማዬ፣ ሰፈር ማለት ይሄ ነው» እላታለሁ። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ «አዎ፣ ይሄ ነው» ትለኛለች። ከዚያ የእህቴ ቤት ሲመረቅ ሁላችንም ሄድን። እናቴ፣ «እስኪ ሳምንት ልሰንብትላት፣ ልጆቹንም ልያቸው» ብላ ቀረች።

ሳምንቱ አለቀ። ሌላውም አለቀ። በደወልኩ ቁጥር ምክንያት አላት። መጀመሪያ ትንሹ ልጅ ጉንፋን ይዞት ነበር። ቀጥሎ ጓሮው እየተቆፈረ ነበር። ከዚያ ጎመኑ ገና በቅሎ ነበር። ጎመን! በእናቴ ከጎመን ጋር ተወዳድሬ ተሸነፍኩ። ባለቤቴ፣ «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» ብሎ ቀለደብኝ፤ ሁለት ቀን አላናገርኩትም።

ከሁሉ የባሰብኝ በየወሩ ስትመጣ ነው። የእድሩ ስብሰባ አያመልጣትም። ጠዋት ከለቡ በታክሲ ትመጣለች፣ ትሰበሰባለች፣ እኔ ጋ ምሳ ትበላለች፣ ትሄዳለች። አንድ ቀን ውሃ ጠምቷት፣ «ልቅዳ?» ብላ አስፈቀደችኝ። የገዛ ልጇን ቤት ማሰሮ ለመንካት! ክፍሏን ከፍቼ፣ «አልጋሽ እንደተነጠፈ ነው፣ ጋደም በዪ» አልኳት። «አይ፣ ሳይመሽብኝ ልሂድ፤ ውሃ አጠጣለሁ» አለች። የእድሩ ሴቶች ደግሞ፣ «እናትሽ ተስማምቷቸዋል፣ ፊታቸው ወዙ ተመልሷል» ይሉኛል። ደስ ሊያሰኙኝ ነው፤ እኔ ግን በእያንዳንዱ ቃል ደሜ ይፈላል።

አንድ እሑድ አላስቻለኝም። ላመጣት ቆርጬ ለቡ ሄድኩ። እህቴ በሩን ከፍታ አቀፈችኝ፤ ደህንነቴን ስትጠይቅ እኔ በትከሻዋ ላይ ሳሎኑን አያለሁ። እናቴ ጓሮ ናት አለችኝ። ዞሬ ሄድኩ። እናቴ የእህቴን ባል አሮጌ ኮፍያ አድርጋ፣ ቀሚሷን ከፍ አድርጋ ታጥቃ፣ ጎመኗ መሃል ቆማለች። ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት ትስቃለች። ቤተሰቧ ከተማው እዚያ ከመድረሱ በፊት ጀምሮ የኖሩ ገበሬዎች ናቸው፤ እርሻው አልቆ አሁን ላሞች አስረው ወተት ይሸጣሉ። ሴትዮዋ በአጥሩ ቀዳዳ ፍግ በጆንያ ታቀብላለች፣ እናቴ ደግሞ የተቀነጠበ ጎመን። የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው። እናቴ ከልጅነቷ አገር ይዛው የመጣችውን፣ እኔ ቤት አንድም ቀን ያልተናገረችውን ቋንቋ እንዲያ ስታፈሰው ስሰማ በሴትዮዋም ቀናሁ። እኔ ከፊት ለፊት የሾህ ሽቦውን አይቼ የፈረድኩበት ሰፈር፣ በጓሮ በኩል ጎረቤት ነበረው።

ሴትዮዋ ሰላም ብላኝ ወደ ላሞቿ ሄደች። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ግንቡ ጥግ ድንጋይ ላይ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

«ልወስድሽ ነው የመጣሁት» አልኳት።

«አውቄያለሁ። አካሄድሽ ይናገራል።»

«ታዲያ ተነሺ። ክፍልሽ ባዶውን ነው። ያንን ቤት የገዛሁት ላንቺ ብዬ ነው እማዬ። ይህችን ቤት ወድጃት ነበር፤ ላንቺ ብዬ ተውኳት። አንቺ አይደለሽ ድንኳኑ የት ነው የሚተከለው ያልሽው?»

«እኔ ነኝ። አልዋሽም።» ከጣቷ ላይ የደረቀ ጭቃ እየፈረፈረች፣ «እዚያ ቤት መስኮቱን ስከፍት የማየው ያንን ሜዳ ነው» አለች። «ሲተከል አያለሁ፣ ሲነቀል አያለሁ። ጧት ተነሥቼ ተራዬን የምጠብቅ ነው የመሰለኝ። አንቺን ምን እልሻለሁ? ደክመሽ ነው የገዛሽው።»

ከመናገሬ በፊት ዕንባዬ መጣ። የንዴት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። እህቴ ምንም ሳትለፋ፣ እናታችን የት ትኑር ብላ አንድ ቀን እንኳ ሳታስብ፣ ለልጆቿ ትምህርት ቤት ቅርበት ብላ በገዛችው ቤት ውስጥ እናቴ ወዟ ተመልሷል። እኔ ብዙ አስቤ ገዛሁ፤ ያሰብኩት ግን ስለ ቀብሯ ነበር።

እናቴ ዕንባዬን ስታይ ወደ እኔ ጠጋ ብላ ጉልበቴን ያዘችው። «ስሚኝ» አለች። «አትቆጪ። ስሞት አንቺ ጋ ነኝ። እድሬ እዚያው ነው፣ ሰዎቼም እዚያው ናቸው። አንቺ ታላቅ ነሽ፣ ላንቺ ነው የሚገባው። አስከሬኔ ካንቺ ቤት ይውጣ፤ ለእህትሽም ነግሬያታለሁ፣ እሺ ብላለች። እስከዚያ ግን እዚህ ልሁን።»

ስታጽናናኝ ነው። ፊቷን አየሁት፤ ትልቁን ድርሻ የሰጠችኝ ነው የመሰላት። እህቴ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «እትዬ፣ ምሳ ቀርቧል፤ እማዬ፣ እጅሽን ታጠቢ» አለች። እናቴም እንደ ልጅ እሺ ብላ ተነሣች። ያን ቀን በእህቴ የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ በማንም ቀንቼ አላውቅም። በቤቷ አልቀናሁም፣ በመልኳም አልቀናሁም። «እጅሽን ታጠቢ» በማለቷ ነው የቀናሁት።

ምሳ በላሁ። አመስግኜ ወጣሁ። እናቴ እስከ አስፋልቱ ሸኘችኝ፤ በፌስታል ጎመን ይዛልኝ ነበር።

ቤት ስገባ ባለቤቴ በሩ ላይ ጠበቀኝ። ብቻዬን መሆኔን አየና፣ «እሺ፣ ምን አለችሽ?» አለኝ።

«ትመጣለች» አልኩት፤ መቼ እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።

ደስ አለው። ወዲያው ወደ ክፍሏ ገብቶ አልጋዋ ላይ የተከመረውን የልጆቹን ልብስ ያነሣ ጀመር።