አፍንጫው የቀለለ አውሮፕላን

ሳጥኑን በብብቷ ይዛ የገባች ቀን ባሏ ከሶፋው ቀና ብሎ፣ «ለማን ልጅ ነው?» አላት።

«ለእኔ» አለችው።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ስንቱን ዓይነት ሰው ሲያሳፍርና ሲያወርድ ስለሚውል በቀላሉ አይገረምም። ያን ቀን ግን ሳጥኑን ተቀብሎ ክዳኑ ላይ የተሳለውን ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ እንደገና አውሮፕላኑን አየ። አብራቸው የምትኖረው ታላቅ እህቱ ደግሞ የምታጣጥፈውን ልብስ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ «ጤናሽን ታይተሻል?» አለች። የእህትየው ምላስ ስለት ነው፤ የራሷ ባል ከሞተ ወዲህ ደግሞ የሚያዶለዱመው ሰው ስለጠፋ ብሶበታል።

ሴትየዋ መነጽር ሠሪ ናት። መነጽር ከሚሸጥበት ሱቅ ጀርባ፣ ሁለት ሰው በማያላውስ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ መስተዋቱን በፍሬሙ ልክ ስትሞርድ፣ ከጤፍ ትንሽ ከፍ የምትል ብሎን በወረንጦ ይዛ ስትከት ነው የምትውለው። ደንበኞች ፊቷን አያውቁትም። ምስጋናው ፊት ለፊት ለቆመው ሻጭ ነው፤ «ጠበበኝ፣ ሰፋኝ» የሚለው ወቀሳ ግን ግድግዳውን አልፎ እሷ ጋ ይደርሳል። ሳጥኑን ያገኘችው ሊዘጋ ዕቃውን በሚያራግፍ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ መስኮት ላይ ነበር። ፀሐይ ክዳኑን በልቶት ሰማያዊው ሰማይ አመድ መስሏል። ዝም ብላ አልፋው ፌርማታው ድረስ ሄደች። አውቶቡሱ መጣ። አልተሳፈረችም፤ ተመልሳ ገዛችው።

ነገሩ ሥር አለው። ልጅ ሳለች ታላቅ ወንድሟ እንዲህ ያለ ሳጥን እየገዛ አውሮፕላን ይሠራ ነበር። እሱ ይሠራል ተባለ እንጂ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ ከፕላስቲክ ማቀፊያዋ የምትነቅል፣ ጠርዟን በብርጭቆ ወረቀት የምትፈትግ፣ አቧራዋን ጠርጋ በተርታ የምትደረድር እሷ ነበረች። ማጣበቂያውን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ ግን ወንድሟ መዳፏን ቸብ ያደርግና፣ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» ይላታል። በዚህች ተረት ስንት ሴት ከስንት ሥራ ጫፍ እንደተመለሰች የቆጠረ የለም። ጎረቤት ሲመጣ «እጁ ወርቅ ነው» የሚባለው እሱ፣ ሻይ የምታቀርበው እሷ። ሲያገባ ሁሉንም በካርቶን አሽጎ ወሰዳቸው። አንዱን እንኳ ላስቀርልሽ አላላትም፤ እሷም አልጠየቀችም። አለመጠየቋ እስከ ዛሬ ያንገበግባታል።

እንግዲህ የፈለገችው ይኸው ነው፤ ከመጀመሪያዋ ቁራጭ እስከ መጨረሻዋ የቀለም ጠብታ ራሷ የሠራችው፣ ማንም እጁን ያላስገባበት አንድ አውሮፕላን። ለዚህም ቆርጣ ተነሥታለች።

ልጃቸው አግብታ ስትወጣ ክፍሏ ከነጠረጴዛው ባዶ ቀርቶ ነበር። እህትየው ለልብስ መተኮሻ አስባዋለች። መነጽር ሠሪዋ ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና፣ «እትዬ፣ መተኮሱን ሳሎን ያድርጉት። ይኼ ክፍል ሥራ ሊሠራበት ነው» አለቻት።

«የምን ሥራ?»

«የእኔ ሥራ።»

እህትየው ከንፈሯን መጥጣ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ቀይራ በቀጥታ ወደዚያች ክፍል መግባት ሆነ። መፈተጉስ ቀላል ነበር፤ ጣቶቿ ከእሷ ቀድመው አስታወሱት። ማጣበቁ ግን ባዕድ ሆነባት። የመጀመሪያው ክንፍ ተንጋዶ ተጣበቀ፤ አላቅቃ ደገመችው። በመስኮቶቹ መስመር ላይ ማጣበቂያ ፈሶ አውራ ጣቷ ከነመስመሩ ታተመበት፤ ያንንም ፍቃ ደገመችው። አንዳንድ ቀን ከጠረጴዛው ስትነሣ ከጀመረችበት ወደ ኋላ ሄዳ ትገኛለች። ቢሆንም በማግስቱ ወንበሩ ላይ ናት።

የተጣበቀው እስኪደርቅ ድረስ የምትይዘው በልብስ መቆንጠጫ ስለነበር ከእህትየው ጋር ጦርነት ተከፈተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ መጣና ያልተቆነጠጠውን ልብስ ከገመድ ላይ አንሥቶ ጎረቤት ግቢ ጣለው። «ኧረ ሰዎች፣ አውሮፕላኑ ሳይበር የወንድሜ ሱሪ በረረ!» ብላ እህትየው መንደሩን አሳቀችው። መነጽር ሠሪዋ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አዲስ መቆንጠጫ ገዝታ እህትየው እጅ ላይ አስቀመጠች፤ አሮጌዎቹን ግን ከክንፉ ላይ አላነሣችም።

ወሬው ታላቅ ወንድሟ ጆሮ ገባ። ወንድሟ አሁን የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው፤ ሶፋና ቁም ሣጥን ይሸጣል። ሲደውል በሳቅ ጀመረ።

«እቱ፣ እውነት ነው የሚወራው?»

«እውነት ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ማን ሊያጣብቅልሽ ነው?»

«እጅ የለኝም?»

«አይ፣ መፈተጉንስ ማን ብሎሽ!» አለና እንደገና ሳቀ። ሰውዬው ክፋት የለበትም፤ የሚያናድደውም እሱ ነው። «በይ ስትጨርሺ ጥሪኝ፣ መጥቼ አየዋለሁ።»

«ምን ጥሪ ያስፈልጋል፣ እሑድ ና» አለችው። አውሮፕላኑን ገና ቀለም ሳይነካው ነበር። ምላሷ ነው የቀደማት።

ሳምንቱን ስትሮጥ ሰነበተች። ነጭ ቀባችው፤ ወገቡ ላይ ከአፍንጫ እስከ ጭራ ቀይ መስመር አሰመረችለት። ባሏ በበሩ ብቅ እያለ «ይኼ ቦዲ የፋብሪካ ነው የሚመስለው» ሲላት ሳትስቅ በሆዷ ደስ ይላታል።

እሑድ ወንድሟ ከነቦርጩ መጣ። እንደ ልማዱ የሳሎኑን ጠረጴዛ በጣቱ አንኳኩቶ የጣውላውን ዓይነት ገመተ። ሻይ ቀረበ። ባሏና እህትየውም ወንበር ሳቡ። መነጽር ሠሪዋ አውሮፕላኑን በሁለት እጇ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። ሦስት እግር አለው፤ አንዱ ከአፍንጫው ሥር፣ ሁለቱ ከክንፎቹ ሥር። እጇን ለቀቀች።

አውሮፕላኑ አፍንጫውን ወደ ጣሪያው ቀና አደረገና በጭራው ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

አፍንጫውን ይዛ ዝቅ አደረገችው። ስትለቀው አሁንም ዘፍ አለ።

«መነሣቱ ነው፤ ቀበቷችሁን እሰሩ» አለ ባሏ። እህትየው ደግሞ አላሳለፈችም፤ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አለች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። መነጽር ሠሪዋም አብራ ለመሳቅ ሞከረች፤ ጆሮዎቿ ግን ነደዱ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ያልሳቀው ወንድሟ ብቻ ነበር። «ምን ያስቃችኋል?» አለ። «የአውሮፕላን ልማዱ ነው። ሳንቃ ላይ ማጣበቅ ነው። የእኔዎቹ ሁሉ ሳንቃ ላይ አይደሉም እንዴ?»

እውነቱን ነው። የእሱ አውሮፕላኖች ሁሉ በተወለወለ ሳንቃ ላይ ነበር የሚቆሙት። እሷ ለጌጥ ይመስላት ነበር።

«ጋሼ፣ ያንተዎቹም በጭራቸው ይቀመጡ ነበር?»

«አፍንጫቸው ሥር እግር ያላቸው በሙሉ።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ጭራው ይከብደዋል፣ በቃ።»

ተነሥታ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን የአሠራር ሥዕል አመጣች። ገና ከመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ባንዱ፣ አፍንጫው ውስጥ፣ አንዲት ድብልብል ምልክት አለች። ግራና ቀኙ ከመጋጠሙ በፊት አፍንጫው ውስጥ ክብደት ይግባ ማለት ነው። ምልክቷን አይታት ነበር። አይታ ያለፈቻት እናቷ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ሲከተት አይታ ስለማታውቅ ነው። ሥራውን ከወንድሟ ስትማር ስሕተቱንም አብራ ተምራለች። ሥዕሉን ለወንድሟ አሳየችው።

«እሱን ደግሞ ማን ያየዋል» አለና ወረቀቱን ገፋ አደረገው። «ስሚኝ፣ ሱቄ ውስጥ ምርጥ ሳንቃ አለ። አንቺ አትድከሚ፤ ነገ አመጣና እኔው አጣብቅልሻለሁ። በአንድ አፍታ ያልቃል።»

«ያልቃል» የምትለዋን ቃል ስትሰማ ያቺ የልጅነት ተረት ትዝ አለቻት። ሳንቃው ላይ ከተጣበቀ አውሮፕላኑ ቆመ ማለት ነው፤ ጎረቤት ያደንቃል፣ ሳቁም ይረሳል። ግን ያለቀው በእሱ እጅ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ ይህን ሁሉ ወር የፈተገችው ለማን ነው?

«አይሆንም» አለች።

«ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

«እከፍተዋለሁ።»

ባሏ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «አንቺ ሴት፣ ቀለሙ እኮ ገና መድረቁ ነው!»

«ይሰበራል» አለ ወንድሟ፤ አሁን ድምፁ የምር ሆነ። «እቱ፣ የተጣበቀ ነገር አይከፈትም። እኔ እንኳ ከፍቼ አላውቅም።»

«እኔ እከፍተዋለሁ ጋሼ።»

ወንድሟ ተቀይሞ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

መፎከሩ ቀላል ነው። ክፍሏ ገብታ አውሮፕላኑን ስታየው ግን ፈራች። ያንን የለፋችበትን ቀለም መቁረጥ የራስን ፊት እንደ መቧጨር ሆነባት። ብዙ ቀን ሳትነካው አለፈች። በመሥሪያ ቤቷ የፕላስቲክ ፍሬም የምትቆርጥበት ከምላጭ የቀጠነ መጋዝ አለ፤ የተጣሉ የመነጽር ፍሬሞችን እያነሣች፣ ማጣበቂያው ያረፈበትን መስመር ብቻ ይዞ መሄድን በእነሱ ላይ ተለማመደች። እጇን ማመን ስትጀምር መጋዙን በጨርቅ ጠቅልላ ቤት ወሰደችው።

ባሏ ጎማ ከሚያሠራበት ጎሚስታ ቤት ለጎማ ባላንስ የሚሆን የእርሳስ ብረት ቁርጥራጭ በኪሱ ይዞላት መጣ። «ልያዝልሽ?» አላት። «እርሳሱን ስጠኝና ውጣ» አለችው። ወጣ። ከበሩ ኋላ መቆሙን ግን ታውቃለች።

እርሳሱን መጀመሪያ ከውጭ፣ አፍንጫው ላይ በፕላስተር ለጠፈች። አንድ ጨመረች፣ አሁንም አንድ ጨመረች፤ አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ወደ ፊት አጎነበሰና የፊት እግሩን ረገጠ። ልኩን አወቀች። ከዚያ ገልብጣ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ከአፍንጫው ጀምራ እስከ ክንፉ ሥር ሆዱን በመጋዙ ቀደደችው።

ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። የአብራሪዎቹ መስኮት ለሁለት ተሰንጥቆ መዳፏ ላይ ወደቀ።

«ተሰበረ?» አለች እህትየው ከሳሎን።

«ተሰበረ እትዬ።»

«አላልኩሽም?»

«ብለውኛል።» ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ እጇ ግን አላቆመም። የተሰበረው ተሰብሯል፤ የተከፈተው ደግሞ ተከፍቷል። እርሳሱን አፍንጫው ውስጥ ጠቅጥቃ አጣበቀች፣ እንዳይነቃነቅም በስቱኮ ደፈነችው።

የመስኮቱን መላ ያገኘችው በማግስቱ ሥራ ላይ ነው። አዲስ ፍሬም ቅርጹ እንዳይበላሽ ቀጭን ፕላስቲክ ተገጥሞበት ነው የሚመጣው፤ እውነተኛው መስተዋት ሲገባ ፕላስቲኩ ይጣላል። በየቀኑ ስትጥለው የኖረችውን ያን ቀን አልጣለችም። ቆረጠች፣ ሞረደች፣ ለካች። ሲጠብ ፈተገችው፣ ሲሰፋ ጥላ ሌላ ቆረጠች። ገጠመ። ከፋብሪካው መስኮት ይልቅ የጠራ ሆነ።

ሆዱን መልሳ ዘጋች፣ ስቱኮ ሞላች፣ ፈተገች፣ ቀባች። የተቀደደበት ግን እንደ ቀጭን ጠባሳ ታየ። ደግማ ፈትጋ ቀባችው፤ አሁንም ታየ። ለሦስተኛ ጊዜ ብርጭቆ ወረቀቱን አነሣችና ተወችው። የራሷ ሥራ ነው፤ ይታይ አለች።

ወንድሟ አልተጠራም ነበር። አንድ ቀን «በዚህ ሳልፍ» ብሎ መጣ። እሱ የሚያልፍበት መንገድ በዚያ በኩል አይደለም፤ እሷ ግን አስገባችው። የልጇ ክፍል ጠረጴዛ ላይ አውሮፕላኑ በሦስት እግሩ ቆሟል። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ጠባሳውን አየ። ጭራውን በአንድ ጣቱ ወደ ታች ተጫነው። ሲለቀው አፍንጫው ተመልሶ ወረደና የፊት እግሩ ጠረጴዛውን መታ። ደግሞ ተጫነው። ደግሞ ተመለሰ። ሦስተኛ ሲጫነው መነጽር ሠሪዋ፣ «ጋሼ፣ ቀለሙ!» አለችው።

እጁን ሰበሰበ። «እቱ... እርሳሱ ምን ያህል ነው?»

በዕድሜው ሙሉ እሷን ስለ ሥራ አንድ ነገር ጠይቋት አያውቅም። ደስታው ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ደረቷን ሞላው፤ መሳቅም ማልቀስም አሰኛት። ስንት ዓመት ያሰበችው ስንት የመልስ ምት ነበር፤ ፊት ለፊቷ ያለው ግን ቦርጫም ሽማግሌ ሆነና አንዱም አልመጣላት አለ።

«የእኔዎቹ ቤት ተደርድረዋል» አለ ወንድሟ ወለሉን እያየ። «ሁሉም ከነሳንቃቸው። ባመጣቸው ትከፍቺልኛለሽ?»

«አልከፍትልህም።»

ወንድሟ ቀና አለ።

«አምጣቸው፤ አሳይሃለሁ» አለችው። «የምትከፍተው ግን አንተ ነህ።»

ሰውዬው ወፋፍራም ጣቶቹን አገላብጦ አያቸው። «ቢሰበርብኝስ?»

«ይሰበራላ» አለች፣ መጋዙን ከነጨርቁ እያቀበለችው። «የእኔም ተሰብሯል።»