ሰው ሲጣራ

አያቴን ከቀበርን ወዲህ መድረክ ላይ መውጣት ይደክመኛል።

የምጫወተው ራሴ የጻፍኩትን ተውኔት ነው፤ ሥዕሉን የሚያይለት ሰው ያጣ ሠዓሊ ታሪክ። መጨረሻ ላይ ሠዓሊው ባዶ ክፍሉ ውስጥ ቆሞ «ኧረ ሰው የለም?» እያለ ይጣራል። መልስ የለም፤ መብራት ይጠፋል። ነፍሳቸውን ይማርና አያቴ ግን ከካራ በታክሲ መጥተው፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጡና «አለን! አለን ልጄ!» ይሉ ነበር። ያው የማይሞላው አዳራሽ በሳቅ ያልቅ ነበር።

«አባባ፣ ዝም ይበሉ እንጂ! የሚያሳዝነው እኮ ማንም ሳይመልስለት ሲቀር ነው» አልኳቸው አንድ ቀን፣ መገናኛ ታክሲ ስንጠብቅ።

«ሰው ሲጣራ እየሰማሁ ዝም ልበል?» አሉ ተቆጥተው። «የት አገር ነው እሱ?»

በሚቀጥለው እሁድም መለሱ። እግራቸው እስኪከዳቸው ድረስ በመጡ ቁጥር መለሱ።

አርባቸው ከወጣ በኋላ፣ ባለፈው እሁድ፣ እንደገና ተጫወትን። የእሳቸው ወንበር ላይ አንዷ ተመልካች ቦርሳዋን አስቀምጣለች።

«ኧረ ሰው የለም?» አልኩ።

ጠበቅኩ። መብራት የሚያጠፋው ልጅም እንደለመደው ጠበቀ።

ከዚያ አጠፋው። ተውኔቱ እኔ እንደጻፍኩት አለቀ።