በር ዘግተን የዞርናት ሴቪያ

ሴቪያ የምትባለውን የስፔን ከተማ እግሬ ሳይረግጣት አውቃታለሁ። ከካቴድራሉ ጀርባ ያለውን ጠባብ መንገድ፣ ግራና ቀኝ የቆሙትን የብርቱካን ዛፎች፣ በብረት በር አሻግሮ የሚታየውን ግድግዳው በቀለማት የደመቀ ግቢ ሁሉ ጠይቁኝ። ይህን ሁሉ ያየሁት አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ከቤክስሊ ሰፈር አለፍ ብሎ ባለው ቤታችን፣ ሳሎን ሶፋ ላይ ተጋድሜ ነው።

ሐሳቡ የባለቤቴ ነበር። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ትውላለች። ታዲያ ለእረፍት ምን አማራት? በእግር መዞር። በፈረንጆቹ 2020 ጸደይ ልንሄድ ለሁለታችን ቲኬት ቆረጠች። “ሰው ለእግር ጉዞ ውቅያኖስ ይሻገራል? መዞር ካማረሽ ሞል አለልሽ” እያልኩ አሾፍኩባት። ከዚያ ወረርሽኙ መጣና በረራው ተሰረዘ። እውነቱን ለመናገር ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

በሚቀጥለው ዓመት ጥር ላይ ኮቪድ ከሥራ ቦታዋ ይዛ መጣች። ፎቅ ላይ ያለው መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ እኔ ታች ቀረሁ። ምግቧን በሩ ሥር አስቀምጬ፣ አንኳኩቼ እወርዳለሁ። ጣቷ ላይ የሚሰካ ትንሽ የኦክስጅን መለኪያ ነበራት፤ ቁጥሩን እያየች በስልክ ትነግረኛለች። ሐኪሙ ቁጥሩ ከዘጠና ከወረደ ሳትውሉ ሳታድሩ ሆስፒታል አምጧት ብሎናል። እሷ ደግሞ ከምትሠራበት ቤት በአምቡላንስ ሲወሰዱ ያየቻቸው ሰዎች ብዙዎቹ አልተመለሱምና፣ ሆስፒታል የሚለውን ቃል መስማት አትፈልግም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ “የላክሁልህን ቪዲዮ ክፈተው” ብላ ደወለች። አንድ ሰው ካሜራ ይዞ ሴቪያ ውስጥ በእግሩ ይዞራል። አያወራም፣ ፊቱም አይታይም፤ የጫማው ድምፅና የከተማው ጫጫታ ብቻ ነው የሚሰማው። ከወረርሽኙ በፊት የተቀረጸ ስለሆነ ማስክ ያደረገ ሰው የለም፤ ሰው ከሰው ጋር እየተጋፋ ይበላል፣ ይሳሳማል። እሷ ፎቅ ላይ በላፕቶፕ፣ እኔ ታች በቴሌቪዥን፣ ስልካችንን ክፍት ትተን እኩል እናስጀምረዋለን። በየቀኑ ከካቴድራሉ እንነሳለን። ሰውየው ወንዙ ዳር ደርሶ ድልድዩ ላይ ሊወጣ ሲል እናቆመዋለን። ማዶ ያለውን ሰፈር ሲሻላት ታች ወርዳ አብረን እንድናየው እሷ ናት ያስቀረችው።

የካቴድራሉ ማማ ድሮ የመስጊድ ሚናራ ነበር አሉ። ውስጡ ደረጃ ሳይሆን እየተጠማዘዘ የሚወጣ ዳገት ነው፤ በፈረስ ይወጣ ነበር ብላ አንብባ ነገረችኝ። “እኔ ግን አሁን በፈረስም አልወጣው” አለችኝ እያለከለከች።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ወንድሟ ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። እትዬ የምትላት ታላቅ እህቷ በድንገት አርፋለች። ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እናቷ ማለት ነች። “እንዳትነግራት” አለኝ እያለቀሰ። እንዴትስ ልንገራት? መርዶ እኛ ዘንድ በማለዳ፣ ትልልቅ ሰዎች ባሉበት፣ ወዳጅ ዘመድ ከብቦ ደግፎ ነው የሚነገረው። በር ዘግታ ብቻዋን ለምትተነፍስ ሰው፣ በስልክ፣ ማን አፍ አለው? በሐበሻ ማኅበራችን እንዲህ ያለውን ነገር ለሚያስተባብሩልን አንድ ጋሼ ደወልኩላቸው።

“መጀመሪያ ሳንባዋ ይበርታ” አሉኝ። “እስከዚያ ማንም ትንፍሽ እንዳይል እኔ አደርጋለሁ።”

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዳችን መዞር ጀመርን።

“እትዬ እኮ ዛሬ ኮል አላደረገችም” አለች።

“እዚያ ኔትወርክ ጠፍቷል አሉ” አልኩና ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

“አንተንም ያዘህ እንዴ?”

“ኧረ ደህና ነኝ። እይ፣ ምግብ ቤት ሊገባ ነው።”

ሰውየው ከአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገባ። ከጣሪያው የደረቀ የአሳማ እግር ተደርድሮ ተሰቅሏል፤ ሥሩ ሰው ቆሞ ከትንንሽ ሳህን ይበላል። ካሜራው ስፒናች በሽንብራ የተሠራ ምግብ ላይ ቆመ።

“ይሄ የጾም ነው፣ ልዘዝልሽ?” አልኳት።

“ያ ሁሉ አሳማ ከአናቴ ላይ ተንጠልጥሎ?”

“ዣንጥላ ዘርግተሽ ብይ።”

ሳቀች። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ የመጀመሪያዋ ነበር። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ አልቆም አለ፣ እኔም ስልኩን ሶፋው ላይ ጥዬ ፊቴን ትራስ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። ተመልሼ ሳነሳው “የት ጠፋህ? ሰውየው ጥሎህ ሄደ” አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ፍርሃት ብቻ ነበሩ። አንድ ደንቆሮ የሟቿን ፎቶ ከሻማ ጋር ሶሻል ሚዲያ ላይ ቢለጥፈውስ? አንዱ ሳያውቅ ደውሎ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” ቢላትስ? ሰውየው በአበባ ያጌጡ በረንዳዎች ሥር ይንሸራሸራል፣ እኔ ማን ምን ለጠፈ እያልኩ ስልኬን እበረብራለሁ። ዝም ስትል ይጨንቀኛል፣ ስታወራም ይጨንቀኛል። ጋሼን ደግሜ ጠየቅኋቸው።

“አታስብ፣ ሁሉንም ዘግቼዋለሁ” አሉኝ በሥራቸው ረክተው። “የማኅበሩን ሰው በለው፣ የሥራ ጓደኞቿን በለው፣ አንድም ሰው አይደውልላትም።”

እኔም ተመስገን አልኩ። ቁጥሩም ቀስ በቀስ ከፍ እያለ ነበር። ሐኪሙ ለኳራንቲኑ ማብቂያ ጥቂት ቀን ቀርቷታል አለ፤ ጋሼም ሰው የሚሰበሰብበትን ማለዳ ያስቡ ጀመር።

ከዚያ አንድ ቀን ሰውየው ወንዙ ዳር ደረሰ። ላቆመው ሪሞቱን አነሳሁ።

“ተወው፣ ይሻገር” አለች በስልኩ።

“ሲሻልሽ አላልንም?”

“ተሽሎኛል። ማዶ ሲደርስ ትነግረኛለህ።”

“ምኑን?”

“ታምሜ ያልደወለልኝ ሰው አልነበረም። ማውራት አቅቶኝ ስልኬን አጠፋው ነበር። ከዚያ ሁሉም በአንድ ቀን ተወኝ። የሐበሻ ስልክ እንዲህ ጭጭ የሚለው መቼ ነው? እኛስ በስንት ሰው ላይ እንዲህ አድርገናል?”

ሰውየው ድልድዩ ላይ ወጣ።

“ወንድሜ በየቀኑ ሜሴጅ ይልክልኛል” አለች። “ኔትወርኩ ለእትዬ ብቻ ነው የጠፋው?”

ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ማስኬን ታች ረስቼዋለሁ። በሩን ስከፍተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ላፕቶፑ ጭኗ ላይ ነው፣ ሰውየው ድልድዩ መሐል ደርሷል። ማለዳ አልነበረም፣ ሽማግሌ አልነበረም፣ የሚደግፋት ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ይዤ ነገርኳት።

አልጮኸችም። ሰውየውን እያየች “መቼ ነው?” አለች።

እጇን ጠበቅ አድርጌ ያዝኩት።

“ያን የአሳማ እግር ያየን ቀን ነው?”

“አዎ።”

“ስቄ ነበር እኮ።”

“አዎ” አልኳት። “ስቀሽ ነበር።”

ያን ጊዜ ነው ድምፅዋን አውጥታ ያለቀሰችው። መለኪያው ጣቷ ላይ እንደተሰካ ነበር፤ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ አቅፌያት ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ መንቀል አቃተኝ።