በማኅበር ቀን ልጆቹ የት ናቸው?

ብርቅአየሁ አውቶቡስ ነጂ ናት። ሄሰልቢ በምትባለው የስቶክሆልም ሰፈር እሷን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ አዲስ ገቢ ነው ወይ የራሱ መኪና ያለው ነው። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም። አንድ ክረምት ጎረምሶች ከኋላ ወንበር ላይ ርችት ሊለኩሱ ሲሉ በመስተዋት አየቻቸው። አውቶቡሱን ዳር አስይዛ፣ ሞተሩን አጥፍታ፣ ቁልፉን ኪሷ ከትታ ሄደችና መሃላቸው ተቀመጠች። «እኔ አልቸኩልም» አለቻቸው። ተሳፋሪው ተነጫነጨ፣ ጎረምሶቹ ሳቁ፣ ከዚያ ሳቁም ሰለቻቸውና ርችቱን አስረክበው ወረዱ። አለቃዋ ጠርቶ «ፖሊስ መጥራት ነበረብሽ» ቢላት፣ «ፖሊስ እስኪደርስ እናታቸው ልሁን ብዬ ነው» አለችው።

እንግዲህ ይህች ሴት የምትፈራው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም እትዬ ደሚቱ ናቸው። ፍርሃቷ ግን ከፍቅር የመጣ ነው። ብርቅአየሁ በሱዳን አድርጋ ስቶክሆልም ስትገባ ሃያ ዓመት አልሞላትም፤ የምታውቀው ዘመድ ቀርቶ የአገር ሰው አልነበራትም። እትዬ ደሚቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በስስ ጃኬት ስትንቀጠቀጥ አገኟትና እጇን ይዘው አካላ ወደሚባለው ሰፈራቸው ወሰዷት። ሶፋቸው ላይ አስተኟት፣ ቋንቋ ትምህርት ቤት አስገቧት። የመንጃ ፈቃድ ፈተና በወደቀች ቁጥር እንደ አራስ ገንፎ እያበሉ መልሰው ላኳት። ባሏ ለሥራ ብሎ ሌላ ከተማ ሄዶ በዚያው ሲቀር፣ ገና በእቅፍ ያለችውን ልጇን ትሁትን ክርስትና ያነሱላት እሳቸው ናቸው። በዚህ አገር እናት ቢሏት እሳቸው፣ ዘመድ ቢሏትም እሳቸው ናቸው።

ማኅበሩንም ያቋቋሙት እትዬ ደሚቱ ናቸው። የእመቤታችን ማኅበር ነው። ቀኑ ሃያ አንድ ቢሆንም ስዊድን ለሃያ አንድ የዕረፍት ቀን ስለማትሰጥ ቅዳሜ ይጠጣል። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፣ ባለተራው ይደግሳል፣ ቄሱ ጸሎት አድርሰው ተአምሯን ያነባሉ፣ ከዚያ ዳቦው ተቆርሶ ጨዋታው ይደራል። ከጽዋው ጋር አብሮ የሚዞር ሌላም ነገር አለ፤ እሱም የልጆች ክፍል ነው። ጸሎቱ እንዳለቀ ከቤቱ እመቤት አንደበት «ልጆች ወደ ክፍል!» የሚል ትእዛዝ ይወጣል፤ ትልቁም ትንሹም አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ይገባል፣ የቪዲዮ ጌሙ ይከፈታል፣ በሩ ይዘጋል። ዝም! ወላጆችም ጠላቸውን እየተጎነጩ «እንዴት ያሉ ጨዋ ልጆች ናቸው» ይባባላሉ። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይኼ ነው።

ብርቅአየሁ ቤት ጌም የለም። በዚህም ትኮራለች። የሷ ተራ ሲደርስ ግን የእትዬ ደሚቱ የልጅ ልጅ ናቲ፣ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፣ የጌም ማሽኑን በጀርባ ቦርሳው ይዞ ይመጣል፤ እሷም አመስግና ሶኬቱን ታሳየዋለች። ከዚያ እንደ ሌላው ሁሉ በሩን ትዘጋለች።

አንድ ቀን የትሁት አስተማሪ ደወለች። ልጆቹ የወላጆቻቸውን ሥራ እየተነሱ ሲናገሩ፣ የስምንት ዓመቷ ትሁት ተራዋን ጠብቃ ተነሥታለች። «እናቴ አውቶቡስ ትነዳለች። መንገድ ላይ ሰው ካለ ትገጨዋለች። ብዙ ሰው ሲሞት ፖሊስ ይመጣል፤ ፖሊሱንም ትገጨዋለች።» አስተማሪዋ በትሕትና፣ እንደ ስዊድኖች ወግ ዙሪያውን ስትዞር ቆይታ፣ ልጅቷ ቤት ውስጥ ምን እንደምትጫወት ጠየቀች። ብርቅአየሁ «እኛ ቤት ጌም የሚባል ነገር ገብቶም አያውቅ!» ብላ ደረቷን ነፋች። 

እራት ላይ ትሁትን ጠየቀቻት። ልጅቷ አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው።

«ማኅበር ስንሄድ ነዋ የምንጫወተው» አለች፣ ፓስታዋን በሹካ እየጠቀለለች። «ትልልቆቹ ጠመንጃ አይሰጡኝም። እናትሽ አውቶቡስ ስለምትነዳ አንቺ አውቶቡሱን ያዢ አሉኝ። መጀመሪያ ፈርቼ ነበር። አሁን ጎበዝ ነኝ።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «እማዬ፣ አንቺ ስንት ገደልሽ?»

ብርቅአየሁ ሹካዋን አስቀመጠች። በረዶው መስተዋት ሲሆን፣ መሪው እጇ ላይ ሲንሸራተት፣ የአንድ ሰው ጥፍር እንኳ ሳትነካ ስንት ክረምት ያሳለፈች ሴት ናት።

«አንድም» አለች። «አንድም ሰው ገጭቼ አላውቅም። ሥራዬ እኮ ሰው አለመግጨት ነው።»

ትሁት ትንሽ ቅር ያላት መሰለች።

ያን ምሽት ብርቅአየሁ ተናደደች። በመጀመሪያ ናቲን ረገመችው። ከዚያ ጌሙን የሠራውን፣ ቀጥሎ የሸጠውን፣ ቀጥሎ እንዲሸጥ የፈቀደውን መንግሥት። ርግማኑ አልቆ ሳህን ማጠብ ስትጀምር ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረ። በሩን ማን ዘጋው? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። የተኩሱ ድምፅ በበሩ ሥር ሾልኮ ሲወጣ ስንት ጊዜ ሰምታለች! ሰምታም ጨዋታዋን ቀጥላለች።

በማግስቱ ለእትዬ ደሚቱ ደወለች። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብላ፣ ድምፅዋን አለስልሳ፣ ከትሁት አፍ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻቸው። በሚመጣው ቅዳሜ ማኅበሩ እሳቸው ቤት ነው፤ ጌሙ ባይከፈትስ?

«ውይ ልጄ» አሉ እትዬ ደሚቱ። «ጨዋታ እኮ ነው! ውጭ ቶርየት አደባባዩ ላይ ከሚቆሙ አይሻልም? እዚህ እኛ ሰፈር እውነተኛውን ሽጉጥ የያዙ አሉ። የስንት እናት ልጅ በአንድ ክረምት ጠፋ። የኔ ናቲ ቤት ነው፣ ሶፋ ላይ ነው፣ ቁጭ ብሎ አየዋለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን እላለሁ።»

ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እውነት አላቸው።

«ያዩታል እንዴ፣ እትዬ?» አለች ብርቅአየሁ። «እሱን ያዩታል። የሚያየውን ግን አይተውታል?»

«አሁን አንቺ ልጅ አሳደግሽና እኔን ልታስተምሪ ነው?» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ቅዳሜ አካላ ላይ ቤቱ ሞላ። ብርቅአየሁ ተአምሩ ተነቦ እስኪያልቅ ቁጭ አለች፤ ከእመቤታችን ጋር ጠብ የላትም። ዳቦው ተቆረሰ። «ልጆች ወደ ክፍል!» ተባለ፣ በሩም ተዘጋ። ወሬው ሲሞቅ እሷ ተነሣች፣ በሩን ከፍታ ገባች፣ ልጆቹ መሃል ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ናቲ ሰላም ሊላት ሲነሣ ከለከለችው።

«ተቀመጥ የኔ ጌታ። ድምፁን ብቻ ከፍ አድርግልኝ።»

«ምን ያህል?»

«እስከ መጨረሻው።»

ናቲ በሕይወቱ ከትልቅ ሰው እንዲህ ያለ ትእዛዝ ደርሶት አያውቅም። ደስ ብሎት ከፍ አደረገው። ብርቅአየሁ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ወንበር አስደግፋበት ወጣች።

ተኩሱ ሳሎኑን ሞላው። መስኮቱ ነዘረ። አንዲት ሴት እየጮኸች አትግደሉኝ ትላለች፤ አንድ ወንድ በእንግሊዝኛ የማይደገም ስድብ ይሳደባል፤ ከዚያ ጩኸቱ ተቆረጠና የልጆች ሳቅ ተሰማ። የራሳቸው ልጆች ሳቅ። ቄሱ ብርጭቆአቸውን እንደያዙ ቀሩ።

«ምነው! ምነው አሳፈርሽኝ!» አሉ እትዬ ደሚቱ።

«ምንም የጨመርኩት ነገር የለም፣ እትዬ» አለች ብርቅአየሁ። «በየወሩ የሚጮኸው ይኸው ነው። እኔ በሩን ብቻ ነው የከፈትኩት።»

አንዷ እናት እጇን ራሷ ላይ ጭና «ኧረ ቀስ በሉ፣ ጎረቤት ሰምቶ ለሶሻል ቢደውልብንስ!» አለች። በዚህ አገር ላለ ሐበሻ ከዚህ የበለጠ ማስፈራሪያ የለም፤ ሶሻል ከተባለ ልጅ የሚወስድ መሥሪያ ቤት ማለት ነው፤ እሱ ሲጠራ የተጣሉ ባልና ሚስት እንኳ ይታረቃሉ።

«ሶሻል ልጆቻችንን እንዳይወስድብን ስንፈራ፣ እኛው በእጃችን ለማሽን አስረክበን በር ዘጋንባቸው!» አለች ብርቅአየሁ።

ፍቅረ ሥላሴ የሚባለው፣ ኮምፒውተር ሥራ ላይ ያለው፣ ረጋ ብሎ ሊያስታርቅ ሞከረ። «እህቴ፣ ነገሩ የኛ ጥፋት አይደለም። ጌሙ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት ተብሎ ተጽፏል። ሠሪዎቹ ናቸው፣ ሕጉ ነው መጠበቅ ያለበት።»

«ጥሩ! አሥራ ስምንት ተጽፏል። ታዲያ ማን ያንብበው? የአንተ ልጅ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማንበብ አልጀመረም። ማንበብ የምትችለው አንተ ነህ። ሂድና እጁ ላይ ምን እንዳለ እይ።»

ፍቅረ ሥላሴ ሳቅ ብሎ ተነሣ። እስከ በሩ ሄደ። ቆሞ አየ። ሲመለስ ሳቁ የለም። ድምፁ እንዲቀነስ ለናቲ ነገረውና ተቀመጠ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ሕግ አልተናገረም።

የቀረው ጽዋውን ማስረከብ ነበር። የሚቀጥለው ወር ተራ የብርቅአየሁ ነው። ወጉ እንደሚያዘው ነጠላዋን እጆቿ ላይ ጣል አድርጋ የቤቱ እመቤት ፊት ቆመች። እትዬ ደሚቱ ጽዋውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያዙ።

«ይሄ ማኅበር የሰላም ማኅበር ነው» አሉ ወደ ሌሎቹ ዞረው። «ቤቴ መጥቶ ለሚያዋርደኝ ጽዋ አልሰጥም። ተራው ለሌላ ይለፍ።»

 ብርቅአየሁ እጇን አልሰበሰበችም። ይህ ጽዋ ካለፋት በዚህ ከተማ ስትታመም የሚጠይቃት፣ ስትሞት የሚቀብራት እንደሌለ ታውቃለች። ፊቷ የቆሙት ሴትዮ ገንፎ ያበሏት ሴትዮ ናቸው። ቢሆንም ወደ ኋላ አላለችም።

«ተራዬ ነው፣ እትዬ» አለች። «ይቅርታ በይኝ ካሉ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና። ተራዬን ግን አልለቅም። እኔ ቤት ስትመጡ ማሽን አይገባም። ልጆቹ ከኛ ጋር ይቀመጣሉ። ይንጫጩ፣ ጠላ ይድፉ፣ ቄሱን በጥያቄ ያድርቁ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ተብሎ የለ? አይበቃማ። ለዚህ ነው እኛ ያለነው።»

እጇን እንደዘረጋች ቆመች። በመጨረሻ ቄሱ ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «ደሚቱ፣ ተራው የሷ ነው» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም።

እትዬ ደሚቱ ጽዋውን እጇ ላይ አስቀመጡት። ዓይኗን ግን አላዩም። «ይኸው። እኔ ግን ቤትሽ አልመጣም» አሉ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባቡሩ ውስጥ ብርቅአየሁ ጽዋውን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች። ትሁት ትከሻዋ ላይ ተደገፈች።

«ደሚቱ ተቆጡ» አለች በስዊድንኛ። «በኔ ምክንያት ነው?»

«አይደለም። በኔ ነው የተቆጡት።»

«ካልመጡስ?»

«አይምጡ» አለች ብርቅአየሁ። ይህን ስትል እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ እሷ ግን ቀና ብላ እንደተቀመጠች አለቀሰች። የእትዬ ደሚቱን ወንበር አውጥታ እንደምታስቀምጥ፣ ባዶውን ቢያመሽም እንደማታነሣው ለራሷ ነገረች። በሚቀጥለው ተራዋም፣ ከዚያ በሚቀጥለውም።

ትሁት ቀና አለች። «እና እኛ ልጆቹ ምን እንሠራለን? አዋቂዎች እኮ ስታወሩ በጣም ታሰለቻላችሁ።»

«አውቃለሁ» አለች ብርቅአየሁ። «እናንተም ስትንጫጩ ታሰለቻላችሁ። ምንም ማድረግ አይቻልም። አብረን እንሰለቻለን።»