ጋጋሪው ለሞቃት አገር ያወጣው የብስክሌት መንገድ

ይሄን ታሪክ ሳልነግራችሁ ባልፍ ምላሴን ያሳክከኛል! የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ነገር ነው። ሰውየው ትዳር ከያዘ ጀምሮ ሌሊቱን ሲጋግር ያነጋል፣ ቀን መጋረጃ ዘግቶ ይተኛል። ሚስቱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትውላለች። እንዲህ በር ላይ እየተላለፉ ልጆቻቸው አድገው ከቤት ወጡ።

ዘንድሮ ግን አብረው እረፍት ሊወጡ ቆረጡ። ባህር ማዶ፣ ፀሐይዋ አናት የምትበሳበት አገር፣ ያውም በብስክሌት! ሐሳቡን ያመጣችው እሷ ናት።

ጋጋሪው ካርታውን ሊጥ የሚዳመጥበት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ዱቄት በነካው ጣቱ መንገድ ሲያወጣ ሰነበተ። «ሙቀት ለኔ ምኔ ነው? ከፉርኖ ምድጃ ጋር ያረጀሁ ሰው!» እያለ ይፎክራል። ዘዴም አግኝቷል፦ ሌሊት ተነስቶ መንዳት፣ ፀሐይዋ ስትከር ጥላ ፈልጎ ጥቅልል ማለት። ልክ እንደ ሥራው።

ደስ ብሎት ነገራት። እሷ የምትሰፋውን ሱሪ ወደ ጎን ገፋ አደረገችው።

«ምነው፣ አልጣመሽም?»

«እኔ ቀርቻለሁ። አንተ ሂድ።»

«ኧረ ምን ተገኘ? ሐሳቡ ያንቺ አይደል እንዴ?»

«እዚያም ሄደህ ሌሊት ልትነሳ? እኔ እኮ ብስክሌት አምሮኝ አይደለም፣ አንተ ሰውዬ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ አጠገቤ እንዳገኝህ ነው።»

ጋጋሪው ክው አለ። እሱ እኮ እንቅልፏን እንዳይሰብር ብሎ፣ ይሄን ሁሉ ዘመን ጫማውን በእጁ ይዞ ነው ሾልኮ የሚወጣው። አሰብኩላት ብሎ። ለእሷ የተረፋት ግን የቀዘቀዘ ግማሽ አልጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። አርፍደው ቢነሱ ፀሐይዋ ትጠብሳቸዋለች። ሌሊት ቢነሳ ሚስቱ ትቀራለች። ታዲያ ምን ይሁን?

ጉዞው ገና ሳይደርስ፣ ከሥራ በሚያርፍበት ቀን፣ እንደ ልማዱ ገና ሳይነጋ ነቃ። ከአልጋው ሊወርድ አለና ተመለሰ። ትከሻዋን ነቅነቅ አደረጋት።

«ምን ሆንክ? አመመህ?» ብላ ብድግ።

«ደህና ነኝ። አብረን እንነሳ ብዬ ነው።»

«ለይቶልሃል!» አለችው። ሰድባው ሰድባው ተነሳች።

ከጎረቤት ሁለት ብስክሌት ተውሶ ኖሯል። መንገዱ ጭር ብሏል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል። እሷ ከፊት፣ እሱ እንደ ጆንያ እየተወዛወዘ ከኋላ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ቆመው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ሰማዩ ቀስ እያለ ይገለጣል።

«ለካ ይሄን ሁሉ ብቻህን ነው ስትበላው የኖርከው!» አለችው።

ከዚያ ካርታውን ከኪሱ መዘዘችና የየቀኑን መንገድ በጥፍሯ እኩሌታ ላይ ቆረጠችው።

«ሳይነጋ አብረን ተነስተን፣ እስከዚህ ብቻ። ከዚህ ወዲያ ፀሐይ ትወጣብናለች። ደግሞ ቀድመህ ከነቃህ ቀስቅሰኝ፤ ብሳደብም እንዳትተወኝ።»

እናንተስ፣ ላስብለት ብላችሁ ሰው ብቻውን ያስቀራችሁበት ጊዜ የለም? እስቲ አጫውቱኝ!