አባ ገስግስ ወይስ አባ ቅደም?

ትናንት ቀትር ላይ መካነ ሰላም፣ የወዳጄ ልጅ ሰርግ ላይ፣ ሚስቴ በሰው ፊት ጉድ ሠራችኝ... ከዚያ ወዲህ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ ብሏል።

ነገሩ የተነሳው በስልክ ነው። ከወጣቶቹ አንዱ የሆነ የፈረንጅ ፈረስ ሲሮጥ እያሳየ «በዓለም ላይ እንደዚህ ያለ ፈረስ ተፈጥሮ አያውቅም» አለ። አብሮ አደጌ ይማም አጎንብሶ አየና ሳቀ።

«ኧረ በነቢ! ገስግስን ሳታዩ እናንተ ስለ ፈረስ ታወራላችሁ?»

በቃ... ገስግስ የሚለውን ስም ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ላልሰማ ላስረዳ። እኛ አገር ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራል። የአባቴ ፈረስ ቅደም ስለነበር አባቴ አባ ቅደም ነበር። የገስግስ ጌታ ደግሞ አባ ገስግስ። ሁለቱ ፈረሶች በየጥምቀቱ ሲገናኙ አንዴ ያኛው፣ አንዴ ይሄኛው እየቀደመ አገሩን ለሁለት ከፍለውት ነበር። አባ ገስግስ ግን ሌላም ነገር ነበረው... መልክ! ጎፈሬውን አበጥሮ ብቅ ሲል እልልታው ለታቦቱ ይሁን ለሱ አይለይም ነበር። እኔ ያኔ ጢም ያላወጣሁ ጎረምሳ ነኝ፤ በቅናት ስቃጠል ነበር የምውለው።

ስለዚህ ተነሳሁ።

«የሁሉም አውራ ቅደም ነው! ንጉሡ በወረዱበት ዓመት፣ በዚያ በክፉ ቀን፣ መለያው ግልቢያ ላይ አባ ገስግስ የት ነበር? ፈርቶ ቀረ! ቅደም ብቻውን ጋልቦ አሸነፈ!»

«ብቻዬን ከሆነማ እኔም በዚህ ጉልበቴ አንደኛ እወጣለሁ» አለ ይማም። ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ።

ይሳቁ። ይቺ «ፈርቶ ቀረ» የምትል ቃል የቤታችን ርስት ናት። በዚያው ዓመት አብዮቱ መጣ፣ መሬቱ ሄደ፣ ቅደምንም ገበሬ ማህበሩ ወሰደው። አባቴ እስኪሞት ድረስ በእጁ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። ሰው ሲመጣ እሷን ያወራል፣ ሰው ሲሄድ ለኛ ይደግማታል። ከሱ የወረስኩትም እሷኑ ነው።

ይሄኔ ከሴቶቹ በኩል ድምፅ ተሰማ። የሺ ናት፣ ሚስቴ!

«ኧረ ተው አንተ ሰውዬ! አባ ገስግስን የሚያክል በየት አገር ተገኝቶ!»

ከዚያ አንዷ አሮጊት እልል አለች... አስቡት። «ገስግስ» ብትል ፈረሱ ነው። እሷ ግን «አባ» ብላለች! ይማም ትከሻዬን መታ አድርጎ «አብሽር ወንድሜ፣ ሰውየው ከሞተ ቆየ» አለኝ። እንደዚያ አይነት ማጽናኛ ጠላቴንም አይግጠመው።

ወደ ቤት መንገድ ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ግን አልቻልኩም።

«አባ ገስግስን የት ነው የምታውቂው?»

«ልጅ ሆኜ ነዋ። ሙቀቱ መቼም አይረሳኝ።»

ወላሂ እንዲህ ነው ያለችው! ሙቀቱ!

«አንገቱን እቅፍ አድርጌው ነው የመጣሁት። የላቡ ሽታ ራሱ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።»

መሀል መንገድ ላይ ቆምኩ። «የማንን አንገት ነው አንቺ ሴትዮ?»

«የፈረሱን ነዋ! የማን መሰለህ?» አለችና ፊቴን አይታ በሳቅ ወደቀች። «ያኔ ሰው ሁሉ 'አባ ገስግስ መጣ፣ አባ ገስግስ መጣ' ሲል ፈረሱን የሚጠሩት መስሎኝ አፌ ለምዶት ቀረ። ሰውየውማ መልኩም ትዝ አይለኝ።»

እፎይ! ያ ሁሉ ጎፈሬ ትዝ አይላትም! ደረቴ ተነፋ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ... ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆነና «ለመሆኑ የሰው ፈረስ ላይ ምን አወጣሽ?» አልኳት።

ሳቋ ቆመ።

«ከወግዲ ስንመጣ ነው። እህል ሲያልቅብን እናቴ እኔንና ታናሼን ይዛ ወጣች። መንገድ ላይ አቅም አጥታ ቁጭ አለች፣ መነሳት አቃታት። ሰውየው ፈረሱን ሸልሞ ከኋላችን ደረሰ። 'ግልቢያ አለብኝ፣ ረፍዶብኛል' ሲል ሰምቼዋለሁ። አልፎን ሄደ። ከዚያ ምን እንዳሰበ እንጃ፣ ተመለሰና ወረደ። እናቴንና ታናሼን ኮርቻው ላይ፣ እኔን ከፊት አድርጎ ልጓሙን ይዞ በእግሩ... ያ የሩጫ ፈረስ እናቴ እንዳትወድቅ እንደ አሮጌ በቅሎ እግሩን እየመረጠ ነው ያመጣን። ስንደርስ ታቦቱ ገብቷል፣ ሜዳው ላይ ሰው የለም።»

«ታቦቱ?»

«ጥምቀት ነበራ።»

ለካ «ፈርቶ ቀረ» የምንለው መለያው ግልቢያ ያን ቀን ነበር!

«እቤት ስታወሩት አባትህን እንዳላስከፋ ብዬ ዝም እል ነበር» አለች። «ዛሬ ግን በሰው ፊት ፈሪ ስትለው አንጀቴ እምቢ አለኝ።»

ዛሬ ጠዋት ይማም ደውሎ «እህሳ፣ ማን ይበልጣል?» ይለኛል። ገስግስ ልለው አፌን ከፈትኩ... የአባቴ ፊት መጣብኝና «ኔትወርክ የለም» ብዬ ዘጋሁት።

በሰው የቀናን ሰው ሽማግሌ ያስታርቀዋል፤ ሚስቱን ከሞት አፍ አውጥቶ ባመጣለት ፈረስ የቀናን ሰው ግን ማን ያስታርቀው?