እጄ ላይ የነበረው ድንጋይ

ዛሬ መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ሰው ልገድል ነበር።

በአንዲት በግ ሰበብ ከታናሽ ወንድሜ ጋር የተጣላ ሰውዬ ወንድሜን በዱላ ፈነከተው። ደሙ ጋቢው ላይ ሲወርድ ሳይ ድንጋይ አነሳሁ። ሰውዬው ሲሸሽ ተደናቅፎ ወደቀ። ደረስኩበት።

ከኋላ እጄን የያዙኝ ጎረቤቴ ጋሽ አውግቸው ናቸው። ወንድማቸው ተገድሎባቸው ደሙን ካልመለስኩ ሲሉ፣ ከቤተ ክርስቲያን በተመለስን ቁጥር ስለ ክርስቶስ ይቅርታ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። (አስተማሪ ነኝ፤ ማስረዳት አይታክተኝም።)

"መምህር፣ ለእግዚአብሔር ተውለት ያልከኝ የኔን ወንድም ደም ብቻ ነው?" አሉኝ።

እንዲያም ብለውኝ አልለቀቅኩም። ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ድንጋዩን የወሰዱት እሳቸው ናቸው።

ወንድሜ ጤና ጣቢያ ተሰፍቶ ተኝቷል። እኔ እጄን እያየሁ ነው።

እናንተስ፣ የሰበካችሁት ሰው መልሶ ሰብኳችሁ ያውቃል?